ቁልፍ የያዘ ሁሉ ባለቤት አይደለም

በአዲስ አበባ ከተማ ቤት ተከራይቶ ለመኖር የሚፈልግ ሰው ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው ቤቱን ማግኘት ሲሆን፣ ሁለተኛው ያከራየው ሰው በእውነት ለማከራየት መብት ያለው መሆኑን ማወቅ ነው። ስለ ፊተኛው ሁሉም ያወራል፤ ስለ ኋለኛው ግን የሚናገር ጥቂት ነው፤ የተታለለ ሰው ያፍራልና። እኔም ብዙ ጊዜ አፍሬ ዝም ብዬ ኖሬአለሁ።

በ2008 ዓ.ም. ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ በመምህርነት ተዛውሬ በመጣሁ ጊዜ፣ አንድ ደላላ ወደ አንድ ኮንዶሚኒየም ወሰደን። ቤቱን ያሳየን ሰው አነጋገሩ የረጋ፣ ነጠላውን ያጣፋ ትሑት ሰው ነበር። በግድግዳው ላይም የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል። «ቤቱ የወንድሜ ነው፤ እርሱ ውጭ አገር ስለሆነ ወኪሉ እኔ ነኝ» አለን። የውክልናውን ወረቀት ልጠይቀው አስቤ፣ ሥዕሉን ሳይ እንደ ነውር ቈጠርሁትና ተውሁት። (ሥዕሉ ምን በደለ! ስንፍናው የእኔ ነው።) በወር 3,500 ብር ሒሳብ የሦስት ወሩን 10,500 ብር በእጁ ቈጥሬ ሰጠሁት። ደረሰኝም አልተቀበልሁም።

ቅዳሜ ጧት ዕቃችንን በአይሱዙ ጭነን ስንደርስ፣ ሌላ ቤተ ሰብ አልጋውንና ምጣዱን አውርዶ ከደረጃው ሥር ቆሞ አገኘን። ጥቂት ቆይቶ ሦስተኛው ደረሰ። ሦስታችንም ቁልፍ ይዘናል፤ የሦስታችንም ቁልፍ በሩን ይከፍታል። የቤቱ እውነተኛ ባለቤት፣ ጎረቤት በስልክ ጠርቷት ስትመጣ፣ ሰውዬው ለሁለት ወር ብቻ ተከራይቶ የነበረ መሆኑን ነገረችን። ወንድምም የለ፤ ውጭ አገርም የለ። ሚስቴ በዚያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጃችንን ፀንሳ ነበር። በዚያች ሌሊት ያሳደሩን ምድር ቤት የሚኖሩ፣ ከዚያ በፊት ዓይተናቸው የማናውቅ አንዲት እናት ናቸው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ስመረምረው፣ አታላይ ከሁሉ በፊት የሚዘርፈው ጊዜን እንደሆነ ተረዳሁ። «ሌላ ሰው ከቀትር በኋላ ሊይዘው ነው» ይላል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የተባለውን እያወቅን እንቸኩላለን፤ ቤት አጥቶ ልጅ ይዞ የሚዞር ሰው እንዴት አይቸኩል? ዛሬም በቴሌግራምና በፌስቡክ ከሌላ ስፍራ የተገኘ የቤት ፎቶግራፍ አውጥተው፣ ዋጋውን ከሰፈሩ ዋጋ ዝቅ አድርገው፣ ቤቱ ሳይታይ ቀብድ በስልክ እንዲላክላቸው የሚጠይቁ አሉ። እንዲህ ላለው መልስ መስጠትም አያስፈልግም።

ከባዱ ግን ቤቱን ከፍቶ የሚያሳየው ነው። ለእርሱ መድኃኒቱ ሦስት ስሞችን ማስተያየት ነው፤ እነርሱም በቤቱ ካርታ ላይ ያለው ስም፣ በመታወቂያው ላይ ያለው ስምና ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ስም ናቸው። ዕዳው ያላለቀ ኮንዶሚኒየም ከሆነ በካርታው ፈንታ ባለ ዕድሉ የተዋዋለበትን ውል መጠየቅ ይቻላል። ወኪል ነኝ የሚል ቢሆን፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት የተረጋገጠ ውክልና ያሳይ፤ ማከራየትና ኪራይ መቀበል እንደሚችልም በውስጡ ተጽፎ ይነበብ። ወካዩ ሰው ውክልናውን በማናቸውም ጊዜ ሊሽረው ይችላልና፣ ባለቤቱን ራሱን በስልክ ማነጋገር አይከፋም። የቀበሌ ቤት የሚያከራይም አለ። ያ ቤት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ከተወረሱት ቤቶች አንዱ ቢሆን፣ አከራይ የተባለው ሰው ራሱ የመንግሥት ተከራይ ነው፤ የራሱ ያልሆነውን እንደ ራሱ ሊያከራይ አይችልም።

ስለ ቀብድ አንድ ነገር ልጨምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። መልካም ሕግ ነው፤ ነገር ግን ስሙና አድራሻው የማይታወቅ ሰው ምን ተብሎ ይከሰሳል? እኔ ወደ ፖሊስ ጣቢያ በሄድሁ ጊዜ የነበረኝ የመጀመሪያ ስሙ ብቻ ነበር፤ እርሱም ስሙ መሆኑን እንጃ።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሠራው አጥር በዚህ ረገድ ብዙ ይረዳል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። የስድስት ወር ክፈል የሚለው ሁሉ ሌባ ነው አልልም፤ ስግብግብ ባለቤትም አለ። ሆኖም «ውሉን አብረን ሄደን እናስመዝግብ» ሲባል ምክንያት የሚያበዛ ሰው ቢገጥማችሁ፣ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ደላላን ሁሉ አታላይ ማለትም ግፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ የኖርንበትን ቤት ያገኘልን ደላላ ነው። ለደላላው የሚሰጠው ዋጋ ግን ውሉ ከተፈረመ በኋላ ይሁን።

መታለል የደረሰበት ሰው የባንክ ደረሰኙን፣ የስልክ ቁጥሩንና የተጻጻፈውን ሳያጠፋ፣ በዚያው ቀን ለፖሊስና ለባንኩ ያመልክት። እኔ አፍሬ አራት ቀን አሳልፌአለሁ።

አሁን ቤት ልናይ ስንሄድ ሚስቴ ወደ ክፍሎቹ አትገባም። መጀመሪያ ወደ ዘበኛው፣ ቀጥሎ ከሕንፃው ማኅበር ኮሚቴ ወደ አንዱ ትሄድና «የዚህ ቤት ባለቤት ማን ይባላሉ?» ብላ ትጠይቃለች። እኔ በበሩ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ።