ስለ ጅምላ መልእክትና ስለ አድራሹ አመራረጥ



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። አንድ መሥሪያ ቤት ወይም አንድ ማኅበር ለሦስት መቶ፣ ለሦስት ሺህ ወይም ለሠላሳ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ቃሉን ለማስተላለፍ ሲያስብ ማንን መልእክተኛ ያደርጋል? ፖስታ ቤትን ነውን? ፈጣን መልእክት አድራሽ ኩባንያን ነውን? ወይስ የስልክና የኢሜይል አገልግሎት የሚሸጡትን? ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸመው ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ተሰብስቦ ዝቅተኛው ሲመረጥ ነው። ይህም ለወንበርና ለወረቀት ግዢ የሚስማማውን ያህል ለመልእክት የማይስማማ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ነገሩን በደፈናው እንዳንናገር ምሳሌያችንን ከሚዛን ተፈሪ፣ ከቴፒና በዙሪያቸው ካለው የቡና አገር እናደርገዋለን። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በአዲስ አበባ አንድ የጥሪ ደብዳቤ ቢዘገይ ጸሐፊው ስልክ ደውሎ ወይም ተላላኪ ልኮ ስሕተቱን በግማሽ ቀን ያርመዋል። ሚዛን ግን በጅማና በቦንጋ በኩል ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ ከተማ ናት፤ አገሩም በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት ወገን ስለ ሆነ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ያለው ቀበሌ በክረምት የሚደረስበት በጭንቅ ነው። በዚያ አገር የዘገየ ጥሪ ከጠፋ ጥሪ አይለይም።

አሁን አንድ የቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን አለ እንበል። አባሎቹ በብዙ ቀበሌ ተበትነው ይኖራሉ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ቡናው ይለቀማል፤ ገበሬው ከማሳው አይርቅም። በዚሁ ወራት ዩኒየኑ የመረከቢያውን ዋጋ፣ የትርፍ ክፍፍሉን ቀንና የጉባኤውን ጥሪ ማስታወቅ አለበት። ከዚህም የከበደ ሌላ ጉዳይ መጥቶአል። የአውሮፓ ኅብረት ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ በ2023 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥቶአል፤ ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን ቢራዘምም፣ ሕጉ ቡናው የበቀለበት ማሳ የሚገኝበትን ቦታ በትክክል ለይቶ ማሳየትን ይጠይቃል። እንግዲህ ማሳ መዝጋቢው ወደ ቀበሌው በሚመጣበት ቀን ገበሬው ካልተገኘ፣ ያልተገኘውም ጥሪው ስላልደረሰው ከሆነ፣ በአንድ መልእክት መጥፋት ምክንያት የአንድ ቤተሰብ ቡና ከአንድ ትልቅ ገበያ ውጭ ሊቀር ይችላል። በመልእክት ዋጋ ላይ ጥቂት ሳንቲም ያተረፈ የግዢ ኮሚቴ ይህን ኪሣራ በየትኛው መዝገብ ያሰፍረዋል?

ዘመናዊ ፖስታ በአገራችን የተቋቋመው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ኢትዮጵያም የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት መልእክተኛው ወረቀቱን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ በእግሩ ይገሰግስ ነበር። ይህ ሰው ዘገምተኛ ቢሆንም አንድ ትልቅ ነገር ነበረው፤ ተመልሶ ይመጣል። ላኪው ጌታም «አገኘኸውን? ምን አለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። መልእክቱ በሺህ ሲቆጠር የጠፋው ይህ የመመለስ ነገር ነው። ስለዚህ የጅምላ መልእክት አድራሽ ለመምረጥ የተቀመጠ ሹም አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «አንዱን ስንት ታደርሱታላችሁ?» ብሎ ሳይሆን «መድረሱን በምን ታሳዩኛላችሁ? ያልደረሰውንስ መቼ ትነግሩኛላችሁ?» ብሎ ነው።

ይሁን እንጂ መልእክተኛውን ከመጠየቅ በፊት ላኪው የራሱን መዝገብ መመርመር አለበት። መልእክተኛ የተሰጠውን አድራሻ እንጂ ያልተሰጠውን አያውቅም። በደቡብ ምዕራቡ አገር ደግሞ አድራሻ ቶሎ ያረጃል። አገሩ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በከፋ ጠቅላይ ግዛትና በኢሉባቦር ተከፍሎ ይጠራ ነበር፤ በኋላ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ ሆነ፤ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተብሎአል። ቤንች ማጂ ይባል የነበረው ዞን ቤንች ሸኮና ምዕራብ ኦሞ ተብሎ ለሁለት ተከፍሎአል። ሚዛን ተፈሪና አማን አንድ ከተማ ሆነው ሚዛን አማን ይባላሉ፤ ሆኖም በብዙ መሥሪያ ቤት መዝገብ ሦስቱም ስሞች እንደ ሦስት ከተማ ተጽፈው ይገኛሉ። አንዱ ሰው ሁለት ደብዳቤ ሲደርሰው ሌላው አንድም የማይደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። የክልሉም መሥሪያ ቤቶች በአንድ ከተማ አልተሰበሰቡም፤ ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ ሥራውን ተካፍለውታል። «ለክልሉ መንግሥት» ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው ለአራት ከተማ ጽፎአል ማለት ነው። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም ስሙ እንደሚናገረው በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ወደ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ስለዚህ ውል ከመዋዋል በፊት መዝገቡን በከተማና በቀበሌ መለየት፣ ድግግሞሹን ማውጣት፣ የሞተውንና የለቀቀውን መሰረዝ ግድ ነው። ይህን ሥራ ለኩባንያ መስጠት ይቻላል፤ ነገር ግን ተላላኪውን ቤተ ዘመድ እንዲቆጥር እንደ ማዘዝ ያለ ነው። የአባሉን ቤት የሚያውቀው የቀበሌው ማኅበር ጸሐፊ እንጂ በአዲስ አበባ የተቀመጠ ኩባንያ አይደለም።

አሁን ወደ አድራሾቹ እንሂድ። በወረቀት ለሚላከው ቀዳሚው የኢትዮጵያ ፖስታ ነው። የፖስታችን ልማድ በአብዛኛው እስከ ቤት ደጅ መሄድ ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ማስቀመጥ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። እንግዲህ ደብዳቤው ሚዛን ደረሰ ማለት ባለቤቱ እጅ ገባ ማለት አይደለም፤ ሣጥኑን ከፍቶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ለመሥሪያ ቤቶችና ለማኅበራት የሚጻፍ ደብዳቤ በዚህ መንገድ ደኅና ይሄዳል። ሣጥን ለሌለው ገበሬ ግን ማኅበሩ ተቀባይ ሆኖ ካላከፋፈለለት ፖስታው መንገድ መካከል ይቀራል።

የሕግ ውጤት ያለው ጽሑፍ፣ ማለት የጉባኤ ጥሪ፣ የዕዳ ማስጠንቀቂያ ወይም የውል ማፍረሻ፣ በአደራ ደብዳቤ፣ ቀድሞ ሪኮማንዴ እንለው በነበረው፣ ወይም በፈጣን መልእክት ቢላክ ይሻላል። በዓለም አቀፉ ሥርዓት ለእንዲህ ያለው ዕቃ የሚሰጠው መለያ አሥራ ሦስት ምልክት አለው፤ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ዘጠኝ አኃዞች፣ በመጨረሻም የአገሩን ስም የሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት ናቸው። ከዘጠኙ አኃዞች የመጨረሻው የቀሩት ስምንቱ በትክክል መጻፋቸውን መቆጣጠሪያ ነው። ይህን ቁጥር ከተቀባዩ ስም ትይዩ በመዝገብ ያላሰፈረ ጸሐፊ፣ ከሦስት ወር በኋላ ክርክር ሲነሣ የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም። ደረሰኙን በሚስማር ላይ ሰክቶ መተው መዝገብ መያዝ አይባልም።

ፖስታውን ለአውቶቡስ ረዳት አስይዞ የመላክም ልማድ አለ። ፈጣን ነው፤ ብዙ ጊዜም ይደርሳል። ለአንድ ዘመድ መድኃኒት ለመላክ የሚነቀፍ አይደለም። ለሦስት መቶ የመንግሥት ደብዳቤ ግን ደረሰኝም ተጠያቂም የለውምና አይሆንም።

ብዙ ደብዳቤ የሚልክ መሥሪያ ቤት ከውጭ አገር አንድ ብልኃት ሊማር ይችላል። በአሜሪካ በ1963 እ.ኤ.አ. የአድራሻ ቁጥር፣ ማለት ዚፕ ኮድ የሚባለው፣ ከወጣ በኋላ በብዛት የሚልኩ ድርጅቶች ደብዳቤያቸውን በዚያ ቁጥር አስቀድመው ለይተውና አስረው እንዲያቀርቡ ሆነ፤ የፖስታ ቤቱን ሥራ ስላቀለሉም በቅናሽ ይከፍላሉ። እኛም ደብዳቤውን የቦንጋውን ለብቻ፣ የሚዛኑን ለብቻ፣ የቴፒውን፣ የማሻውንና የጀሙውን ለየብቻው አስረን ብናቀርብ የመደልደያውን ጊዜ እናሳጥራለን። ቅናሽ ይገኝ እንደ ሆነም በድርድሩ ጊዜ መጠየቅ ነው፤ ሳይጠየቅ ቅናሽ የሚሰጥ ነጋዴ እምብዛም አይገኝም።

ለገበሬው በቀጥታ የሚደርሰው ግን ዛሬ በስልክ የሚላክ የጽሑፍ መልእክት ነው። በዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን፤ ገንዘብ ሳይታወቅ የሚፈስበት ቦታ ነውና። አንድ የስልክ መልእክት የሚሸከመው 140 ባይት ብቻ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክት ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ፊደል ሰፊ ቦታ ስለሚወስድ 70 ብቻ ይይዛል። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይቆራረጣል፤ ማያያዣ ምልክትም ስለሚጨመርበት እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ፊደል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ 140 ፊደል ያለው የአማርኛ ማስታወቂያ ሁለት ሳይሆን ሦስት መልእክት ነው፤ ለአሥር ሺህ አባል ሲላክም የሠላሳ ሺህ መልእክት ዋጋ ይጠየቅበታል። ዋጋ የሚያቀርበው ኩባንያ «አንዱ ይህን ያህል» ሲል የቁራጩን ይሁን የሙሉውን አስረግጦ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ደግነቱ የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድነት ስለሚይዝ ጥቂቱ ብዙ ይናገራል። «የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ቅዳሜ ጥር 9 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቴፒ ይደረጋል።» የሚለው ባዶ ቦታውና ነጥቡ ጭምር ተቆጥሮ 44 ብቻ ነው። አንዳንዶቻችን ከቢሮ ልማድ የተነሣ «ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብለን የጀመርን እንደ ሆነ ግን ምንም ሳንናገር የአንዱን መልእክት ሲሶ ጨርሰናል።

ሌላም ጥያቄ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ሥራ ጀምሮአል። አቅራቢው ለሁለቱም ደንበኞች ያደርሳልን? መድረሱን የሚያረጋግጠውን መግለጫ በየስልኩ ቁጥር ይሰጣልን? ወይስ «ተልኮአል» ብሎ ድምሩን ብቻ ያሳያል? «ተልኮአል» እና «ደርሶአል» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስልኩ ተዘግቶ ወይም ሞገድ በሌለበት ጫካ ሆኖ የቆየ ሰው መልእክቱ ለስንት ሰዓት ይጠበቅለታል? ይህ ሁሉ በውሉ መጻፍ አለበት።

ማንበብ ለማይችለውም ሰው ማሰብ ይገባል። በ2006 ዓ.ም. በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የተጀመረው የ8028 የስልክ አገልግሎት ለገበሬው ምክር የሚሰጠው በድምፅ ነበር። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም በቤቱ ቤንችኛ፣ ሸኮኛ፣ ካፊኛ ወይም ሸካኛ የሚናገር ብዙ ነው፤ ስለዚህ የተቀረጸ ድምፅ በየቋንቋው ማስተላለፍ የሚችል አቅራቢ በጽሑፍ ብቻ ከሚሠራው ቢወደድም ሊመረጥ ይገባዋል።

ኢሜይል ለገበሬው ሳይሆን ለቡና ገዢዎች፣ ለባንኮችና ለመሥሪያ ቤቶች ነው። በነጻ በሚገኝ የጂሜይል አድራሻ በቀን ከ500 ለሚበልጥ ተቀባይ መላክ አይቻልም። ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህም ጉግልና ያሁ በብዛት የሚልክ ሁሉ ላኪነቱን በቴክኒክ ምስክር እንዲያረጋግጥ፣ በማስታወቂያም ላይ ተቀባዩ በአንድ ንክኪ ከዝርዝር የሚወጣበትን መንገድ እንዲያኖር፣ ከሺህ መልእክት በሦስቱ ላይ አቤቱታ እስኪቀርብበት እንዳይደርስ ደንግገዋል። ይህን የማያውቅ አቅራቢ የላከው ሁሉ ወደ ቆሻሻ ሣጥን ይገባል። ታላላቆቹ አቅራቢዎች በውጭ አገር ስለሚገኙ ክፍያቸው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ምንዛሪው የዘገየ ቀን አገልግሎቱ እንደሚቋረጥ አስቀድሞ ማሰብ ይበጃል።

በሕግም በኩል የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል መበተንን ወንጀል አድርጎታል፤ የተፈቀዱ ሁኔታዎችንም ዘርዝሮአል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን ስምና ስልክ የያዘ መዝገብ እንዴት እንደሚጠበቅ ይደነግጋል። አሥር ሺህ የገበሬ ስልክ ለአንድ ኩባንያ አሳልፎ የሚሰጥ ሹም፣ ኩባንያው ያን መዝገብ ለሌላ እንዳይሸጥ፣ ውሉም ሲያልቅ እንዲያጠፋው በግልጽ ማስፈር አለበት።

በመጨረሻ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሃምሳ የፈተና መልእክት ይሰጠው። ተቀባዮቹ በከተማ የሚገኙ ቀላሎች አይሁኑ፤ በበበቃ፣ በጌሻ፣ በማጂና በሸካ ጫካ ዳር የሚኖሩ፣ መድረሱን መልሰው ሊነግሩን ፈቃደኛ የሆኑ ይሁኑ። ከሃምሳው ሦስት ወይም አራት አድራሻ ሆን ተብሎ የተሳሳተ ይሁን። ስንት እንደ ደረሰ ከተቀባዮቹ እንሰማለን፤ ከአቅራቢው የምንጠብቀው እነዚያን የተሳሳቱትን ለይቶ፣ በስንተኛው ቀን «እነዚህ አልደረሱም» ብሎ እንደሚመልስልን ነው። ሃምሳውም ደርሶአል ብሎ የጻፈውን ከዝርዝሩ ማውጣት ነው።