ሥዕል ሁሉ ጣዖት ነው?

«በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የማርያም ሥዕል ጣዖት ነው» የሚለው ትምህርት በየካ ሰፈሮች ስንት ቤተሰብ አናክሷል! ኮተቤ የማውቃቸው እናት ከአልጋቸው ራስጌ ሰቅለውት የኖሩትን ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ እምነቱን የቀየረ ልጃቸው አውርዶ ጓሮ አቃጠለባቸው። ከእሳቱ የተረፈው የፍሬሙ መስታወት ብቻ ነው። እናትና ልጅ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ልጁ ክፉ አይደለም፤ የተማረውን ነው ያደረገው። እኔን የሚያናድደኝ ያስተማረው ሰው ነው።

የሚጠቀሰው ዘጸአት 20፥4 ነው። በሰማይም በምድርም ያለውን ነገር ምስል አድርጎ መሥራትን ስለሚከለክል፣ ብቻውን ላነበበው ሰው ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። ነገር ግን ቁጥር 5 የክልከላውን ምክንያት ይናገራል፤ ስግደትና አምልኮ። ምዕራፍ 25 ላይ ደግሞ ያው እግዚአብሔር ሙሴን ሁለት ኪሩቤል ከወርቅ ሠርቶ በታቦቱ መክደኛ ላይ እንዲያደርግ ያዘዋል። በመጋረጃውም ላይ ኪሩቤል እንዲሠሩ ታዟል (26፥31)። ሰሎሞን ባሠራው ቤተ መቅደስ የወይራ እንጨቱ ኪሩቤል ቁመታቸው 10 ክንድ ነበር፤ ግድግዳው ዙሪያውን በኪሩቤል፣ በዘንባባና በፈነዳ አበባ ተቀርጿል። ትልቁን የውኃ ማጠራቀሚያ የተሸከሙት የ12 በሬዎች ምስሎች ናቸው። ምስል ሁሉ ጣዖት ከሆነ ይህን ያዘዘው ማን ሊባል ነው? እንጦጦ ማርያም ገብቶ የመቅደሱን ግድግዳ የሞላውን ሥዕል ያየ ሰው ጣዖት ቤት ገባሁ ብሎ የሚደነግጥበት የመጽሐፍ ቅዱስ ምክንያት የለውም።

ስጋቱ ግን ከባዶ አልመጣም። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሰቀለውን የናስ እባብ ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባብሮታል (2ኛ ነገሥት 18፥4)፤ ሕዝቡ ያጥንለት ነበርና። ናሱ ያው ናስ ነው፤ የተለወጠው ሰዉ ነው። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ የሚመላለስ ሹፌር የሚካኤልን ሥዕል መስታወቱ ላይ ለጥፎ «ይህ እያለ አልጋጭም» ብሎ የሚከንፍ ከሆነ፣ ይህ ታሪክ እሱንም ይመለከተዋል። ቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ፣ ለቅዱሳን የጸጋ ስግደት ብላ ለይታ ታስተምራለች። ልዩነቱ በየምእመኑ ልብ እንደዚያው ጥርት ብሎ መቀመጡን ግን እጠራጠራለሁ።

«የተቀረጸው ነው ጣዖት፣ የተሳለው ግን አይደለም» የሚሉም አሉ። አያስኬድም። የቤተ መቅደሱ ኪሩቤል የተቀረጹ ነበሩ፤ በሕዝቅኤል 8 ላይ ደግሞ 70 ሽማግሌዎች ሲያጥኑ የተገኙት በግንብ ላይ ለተሳለ ምስል ነው።

«ጥያቄው ከፈረንጅ የመጣ ነው» ማለትም ታሪክን አለማወቅ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ለእመቤታችንና ለመስቀል አንሰግድም ብለው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እጅ ብዙ መከራ ተቀብለዋል። የእነሱው ገዳም ጉንዳ ጉንዶ ግን በቅዱሳን ሥዕል ባጌጡ የብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ነው። አንሰግድም ያሉት መነኮሳት መሳልን አልተዉም።

ወጣቶችን የምታስተምሩ ሰባኪዎች ሆይ፣ ሥዕል በቤታችሁ አለመስቀል መብታችሁ ነው። ቁጥር 4ን ስታነቡ ግን ቁጥር 5ን አትዝለሉ፤ በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 12 ላይ አባትና እናትን ስለ ማክበር የታዘዘውንም አብራችሁ አስተምሩ።