የአደባባይ ፎቶግራፍና ያልተጠየቀ ፈቃድ
ፎቶግራፍ ለመነሣት የተዘጋጀ ሰው ልብሱን አስተካክሎ፥ ፊቱን ኰስተር አድርጎ ይቆማል፤ ስለዚህ ሥዕሉ የሚያሳየው ሰውየው ሊመስል የፈለገውን ነው። የአደባባይ ፎቶግራፍ ጥበብ ግን ሳይዘጋጅ ያለውን ሰው ይሻል። አሜሪካዊው ዎከር ኤቫንስ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1938 እስከ 1941 በኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ከተሳፋሪዎች ፊት ለፊት እየተቀመጠ ያነሣቸው ሥዕሎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ጊዜው ብርድ ስለ ነበረ ካሜራውን በካፖርቱ ውስጥ ሸሸገ፤ ሌንሱ በቁልፎቹ መካከል ብቅ ሲል፥ የማንሻው ገመድ በእጅጌው ወርዶ ከመዳፉ ይደርስ ነበር። ከዚያ የተገኙት የደከሙና በሐሳብ የራቁ ፊቶች ለባህል አጥኚ ታላቅ ሀብት ናቸው። ሆኖም ባለፊቶቹ ፈቃድ አልተጠየቁም፤ የሥዕሎቹም ውበት ይህን ጉድለት አይፍቀውም። ኤቫንስ ሥራውን በመጽሐፍ ያወጣው ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ፥ በ1966 ነው፤ በሥዕሉ ላይ ሕፃን የነበረው በዚያን ጊዜ ጐልማሳ ሆኗል።