የማትታይ ሻጭና የማትታይ ገዢ

ንግድ ያለ መተማመን አይጸናም። ወደ ሱቅ የገባ ገዢ የሻጩን ፊት ያያል፤ ዕቃውን በእጁ ይዳስሳል፤ ዋጋው ካልተስማማው ተከራክሮ ይመለሳል። በድረ ገጽ የሚገዛ ሰው ግን ከእነዚህ አንዱንም አያገኝም። ስለዚህ አነስተኛ ነጋዴ ድረ ገጽ ሲያቋቁም፣ የማያየው ሰው በምን እንደሚያምነው አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል።

ለምሳሌ ያህል በአዲስ አበባ፣ በሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ እናስብ። ገዢዋ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ የምትኖር እኅት ልትሆን ትችላለች። ለዚህች ገዢ «እጅግ ያማረ ልብስ አለን» የሚለው ቃል ብቻ አይበቃትም። ነጠላው ሁለት እጥፍ፣ ጋቢው አራት እጥፍ መሆኑ፤ ጥበቡ በእጅ የተሸመነ ወይም በመኪና የተጠለፈ መሆኑ፤ ቁመቱና ወርዱ በሴንቲሜትር፤ ዋጋው ከማድረሻው ጋር፤ ልኩ ባይስማማ የሚመለስበት ሁኔታ ቢጻፍላት ግን ጥርጣሬዋ ይወገዳል። ሥዕሉም የዚያው የሚሸጠው ልብስ ፎቶግራፍ ይሁን፤ በስልክ ቶሎ እንዲከፈትም መጠኑ ይቀነስ። ሳያልቅ «ሁለት ብቻ ቀረ» እያሉ ማጣደፍ ለአንድ ቀን ቢያሸጥ እንኳ ደንበኛ አያቆይም።

ወደ ጥበቃው ስንመጣ፣ ክፉ ሰው ወደ ድረ ገጹ ሰርጎ የነጋዴዋን የባንክ ሒሳብ ቁጥር በራሱ ቁጥር ቢለውጠው፣ ገንዘቡ ለሌባው፣ ወቀሳው ለነጋዴዋ ይሆናል። ይህ እንዳይደርስ አራት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፤ አድራሻው ኤች ቲ ቲ ፒ ኤስ በሚሉት ፊደላት ይጀምር። በዚህ ዘዴ በገዢዋና በድረ ገጹ መካከል የሚተላለፈው ሁሉ በመንገድ ላይ እንዳይነበብና እንዳይለወጥ ይሠወራል። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚህን ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሆኖም ወረቀቱ ለመንገዱ እንጂ ለነጋዴው ሐቀኝነት አይመሰክርም፤ አጭበርባሪም ሊያገኘው ይችላል።

ሁለተኛ፤ የይለፍ ቃሉ ረጅምና ለሌላ ነገር ያላገለገለ ይሁን፤ በስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫም ይጨመርበት። ይህን ማረጋገጫ ለጠየቀ ሁሉ መስጠት ቁልፍን ለሌባ ማስረከብ ነው።

ሦስተኛ፤ ድረ ገጹ የሚሠራበት ፕሮግራም በየጊዜው ይታደስ፤ የጽሑፉና የሥዕሉ ቅጂም በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። አለዚያ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

አራተኛ፤ ለሽያጩ ከሚያስፈልገው በላይ የገዢን ጉዳይ መጠየቅ አይገባም። የካርድ ቁጥር በነጋዴዋ መዝገብ ከሚቀመጥ፣ ክፍያው ፈቃድ ባለው ባንክ ወይም የክፍያ ድርጅት በኩል ይፈጸም። በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን መረጃ በሚሰበስብ ላይ ኃላፊነት እንደሚጥልም ማወቅ ይገባል።

በመጨረሻም ነጋዴዋ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ራስዋን በገዢ ስፍራ አድርጋ፣ በተራ ስልክዋ ድረ ገጹን ከፍታ አንድ ነጠላ ለማዘዝ ትሞክር። የሒሳብ ቁጥሩ የራስዋ መሆኑንም ታረጋግጥ። እርስዋን ያደናገራት ነገር ሩቅ ያለችውን ገዢ ሳይመልሳት አይቀርም።