መዥገሩን ሲገድሉ ውሻውን እንዳይገድሉ

ከደባርቅ ተነስቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተጠረገው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል የወረደ ሰው የደጋውን ብርድ ከላይ ጥሎ ከቆላው ሙቀት ይደርሳል። ከተራራው ግርጌ ያለችው ድብ ባሕር ሞቃት ናት። እንዲህ ባለ አካባቢ ዝናብና ሙቀት ሲገናኙ መዥገርና ቁንጫ ይበረክታሉ። በሬው፣ ፍየሉና ውሻው እኩል ይቸገራሉ።

በሬው ሲታመም አርሶ አደሩ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ይነዳዋል። ውሻው ግን በጎቹን ከቀበሮ፣ ማሽላውን ከዝንጀሮ፣ ቤቱን ከሌባ ሲጠብቅ ቢያድርም ለጤናው የሚጨነቅለት ጥቂት ነው። ጆሮው በመዥገር ተሞልቶ፣ ቆዳው በእከክ ተራቁቶ ሲታይ “ይታጠብ” ይባላል። ችግሩ የሚጀምረው ታዲያ “በምን ይታጠብ?” ሲባል ነው።

የጓዳው መርዝ

ብዙ ጊዜ መልሱ ከቤት ጥግ የተቀመጠ ጠርሙስ ነው፤ ለሰብል ተባይ የተገዛ ማላታይን ወይም ለከብት መዥገር የተረፈ ዲያዚኖን። በግምት ከውኃ ጋር ተበጥብጦ ውሻው ላይ ይፈሳል። መዥገሩ ይረግፋል፤ ውሻውም አብሮ ሊሞት ይችላል።

እነዚህ ኬሚካሎች ተባዩን የሚገድሉት ነርቩን በማጥቃት ነው። በቆዳ ሰርገው ሲገቡ ወይም ውሻው ፀጉሩን ሲልስ በአፉ ሲገቡ የእሱንም ነርቭ ያጠቃሉ። የተመረዘ ውሻ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህ ከታየ ባለቤቱ እጁን በጓንት ወይም በላስቲክ ሸፍኖ በብዙ ውኃና ሳሙና ያጥበው፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰደው። አትሮፒን የተባለው ማርከሻ በጊዜ ከተሰጠ ነፍሱን ሊያተርፍ ይችላል።

አደጋው በውሻው አያበቃም። ኬሚካሉን በባዶ እጁ የበጠበጠው ሰው፣ ያን ዕለት ማታ ውሻውን የሚያሻሽ ሕፃን፣ የተበጠበጠበትን ሳፋ ለሊጥ የሚጠቀም ቤተሰብ ሁሉ ይጋለጣል። ነጭ ጋዝና በረኪናም ቆዳን ያቃጥላሉ እንጂ እከክን አያድኑም። ለከብት የመጣውን የአይቨርሜክቲን መርፌ በግምት ለውሻ መውጋትም ሊገድለው ይችላል። የትኛው መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን የሚለውን የውሻውን ክብደት ዓይቶ መወሰን ያለበት ባለሙያ ነው።

እንዴት ይታጠብ?

ለጤነኛ ውሻ ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። ለውሻ የተዘጋጀ ሳሙና ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘ ለገላ የሚሆን፣ ሽታው ያልበዛ ሳሙና ይጠቅማል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን ቆዳን ያደርቃል። አዘውትሮ ማጠብም ቆዳን የሚጠብቀውን ቅባት ስለሚያጥብ በወር አንድ ጊዜ ወይም ሲቆሽሽ ብቻ ማጠብ ተመራጭ ነው።

ከማጠብ በፊት ፀጉሩን ማበጠር ይቀድማል፤ የተቋጠረ ፀጉር ከረጠበ በኋላ አይፈታምና። የውኃውን ሙቀት በክርን መለካት ነው። ከአንገት ተጀምሮ ወደ ጭራ ይታጠባል፤ ፊቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ጆሮው ውስጥ ውኃ አይገባም። ሳሙናው ተሟጦ እስኪወጣ ማለቅለቅ የግድ ነው፤ ከፀጉር ሥር የቀረ ሳሙና ራሱ ያሳክካል።

ሰዓቱም እንደ አገሩ ነው። ደባርቅና ዳባት ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ አጥቦ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ማታ የታጠበ ውሻ በብርድ ያድራል። ድብ ባሕር ላይ ደግሞ ከጠዋቱ በጥላ ሥር ማጠብ ይሻላል። ሁለት ወር ያልሞላው ቡችላ አይነከርም፤ ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ወዲያው ይደርቃል።

አንዳንዱን መዥገር እጥበት አያስለቅቀውም። እሱን በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። በክብሪት ማቃጠል ወይም በጣት መጨፍለቅ አይገባም። ቁንጫን በተመለከተ ደግሞ አብዛኛው እንቁላሉና እጩ ያለው ውሻው ላይ ሳይሆን በመኝታው አቧራ ውስጥ ነው። መኝታው ሳይጠረግና ጨርቁ በፈላ ውኃ ሳይታጠብ ውሻውን ብቻ ማጠብ ለጥቂት ቀን እፎይታ ነው።

ድመትስ?

ድመት ራሷን በምላሷ ታጸዳለች፤ ካልተጨማለቀች በቀር መታጠብ አያስፈልጋትም፤ ማበጠር ይበቃታል። በዚሁ ምክንያት በፀጉሯ ላይ ያረፈ መርዝ ሁሉ ወደ ሆዷ ይገባል። በተለይ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ለድመት ገዳይ ነው።

እጥበቱ የት ይሁን?

ከምንጭ ራስና ከወንዝ ዳር መራቅ ያስፈልጋል። ወደ ወንዝ የገባ ነገር ከታች ላለው መድረሱን የሚያሳይ የራሳችን ታሪክ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.አ.አ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ያ ትዝብት ለቢልሃርዝያ መከላከያ ምርምር በር ከፈተ። የእንዶድ አረፋ ያን ካደረገ የፀረ ተባይ ኬሚካል እጣቢ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ውኃውን በጀሪካን ቀድቶ ከምንጩና ከወንዙ ርቆ ማጠብ ይገባል።

ካጠቡ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ አይዘንጋ። ለፋሲካ ወይም ለመስቀል ከታረደው ላይ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መጣል የተለመደ ነው። ከዚያ የሚወጣው ትል በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል። ወደ ሰው አፍ ከገባ በሰው ጉበትና ሳንባም ያንኑ ከረጢት ይሠራል። እንዲህ ያለውን ብልት መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ውሻውንም የትል መድኃኒት ማስወሰድ ይገባል።

ክትባቱን የሚተካ የለም

ጠባዩ ድንገት የተለወጠ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ለሃጩ የሚፈስ፣ ያለ ምክንያት የሚናከስ ውሻ አይታጠብም፤ አይነካም። “አጥንት ሰንቅሮት ይሆናል” ብሎ እጅን አፉ ውስጥ መክተት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ጸበልም ሆነ ባህላዊ መድኃኒት ክትባቱን ሊያዘገይ አይገባም።

ለሰሜን ጎንደር ጉዳዩ ሌላም ገጽ አለው። እ.አ.አ ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎረቤት ነው። በፓርኩ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ሲሆን፣ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ከቤት ውሾች እየተላለፉ ይፈጁታል። ያልተከተበና እንደልቡ የሚዞር ውሻ ለቤተሰቡም ለቀበሮውም ስጋት ነው።

ውሻ በሦስት ወሩ ተከትቦ በየዓመቱ ይደገምለታል። አርሶ አደሩ በሬውን ወደ ጤና ኬላው በሚነዳበት ቀን ውሻውንም በገመድ ይዞ ቢሄድ ክትባቱንም፣ የመዥገሩን ትክክለኛ መድኃኒትም በአንድ ጉዞ መጠየቅ ይችላል። የጓዳው ጠርሙስም ከልጆች ርቆ፣ ተቆልፎበት ለሰብሉ ብቻ ይቆይ።