በሶብላው ፀሐይ ላይ ይሰጣ ወይስ ጥላ ሥር?

በርበሬና ሽሮ በሚዘጋጅበት ሰሞን በየግቢው ስጥ ይበዛል። ብዙዎቻችን በሶብላውንና ኮሰረቱንም ከበርበሬው ጎን፣ በቀትር ፀሐይ እናሰጣቸዋለን። ቶሎ ይደርቃሉ፤ ሲወቀጡ ግን የጠበቅነው ሽታ የለም።

የበሶብላ ሽታ የሚመጣው በቅጠሉና በአበባው ገጽ ላይ ባሉ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ካለው ዘይት ነው። ዘይቱ ሙቀት ሲያገኘው ይተናል። ስጡ ግቢውን ሲያውደው ደስ ይለናል እንጂ ያ ሽታ ከወጣችን እየተቀነሰ ነው። ኃይለኛ ፀሐይ አረንጓዴ ቀለሙንም ያገረጣዋል። ምጣድ ላይ ማድረቅማ ከዚህም ይብሳል።

የሚሻለው ነፋስ የሚገባበት ጥላ ነው። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሰፌድ ላይ ሳሳ አድርገን እናስጣው፤ በየቀኑ እናገላብጠው። በትንንሹ አስሮ ቁልቁል መስቀልም ይቻላል። ጥላ ስንል ግን እርጥበት ያለው ጓዳ ማለታችን አይደለም። በሶብላ ለስላሳና ውሃ የሚይዝ ስለሆነ ተከምሮ ከዋለ ይሻግታል። የሻገተውን መጣል እንጂ ከበርበሬ ጋር ማስፈጨት አይገባም፤ ሻጋታ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፣ ወጥ ውስጥ መፍላቱም መርዙን አያጠፋውም። ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ጠንከር ስለሚሉ ሽታቸውን በተሻለ ይይዛሉ።

በደንብ የደረቀ ቅጠል ሲታሽ ይንኮሻኮሻል፣ እንጨቱም ሲታጠፍ ቀጭ ይላል። ያኔ በደንብ በሚከደን ዕቃ አድርጎ ከብርሃን ማራቅ ነው። ዓረብ አገር ላለ ዘመድ የሚላክ ከሆነ ሳይወቀጥ ቢሄድ ሽታው ይቆያል።