ኔትወርኩ ደጃፍ ላይ ቆሟል

አሶሳ ውስጥ ያለ ጥፋታቸው ከሚታሙት አንዱ የኔትወርክ ማማ ነው። ስልክ ሲቆራረጥ፣ ቪዲዮ መሽከርከር ሲጀምር፣ ከአዲስ አበባ የደወለ ዘመድ «ስልክህ አይሠራም እንዴ?» ብሎ ሲቆጣ፣ ጣት የሚቀሰረው ወደዚያ ረጅም ብረት ነው። ጨርሶ አያጠፋም ብዬ አልከራከርም። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ባትሪው ያልቅና ዝም ይላል። ከማማው ወደ መሃል አገር የሚሄደው መስመር ሲበጠስ ደግሞ ስልኩ ሙሉ ኔትወርክ እያሳየ አንዲት መልእክት አያሳልፍም። ለእነዚህ ከቤት ሆኖ የሚደረግ ነገር የለም። «ውጭ ስወጣ ይሠራል፣ ቤት ስገባ ይጠፋል» የሚለው የዘወትር ስሞታ ግን ማማውን አይመለከትም። ተከሳሹ ቤቱ ነው።

ስለ ማማው መሠረታዊውን ባጭሩ ልበል። አናቱ ላይ የተሰቀሉት ረዘም ያሉ ጠፍጣፋ ሣጥኖች አንቴናዎቹ ናቸው። ብዙ ጊዜ በሦስት አቅጣጫ ተዙረው እያንዳንዳቸው የዙሪያውን ሲሶ ይይዛሉ። ከበሮ መሰሉ ዕቃ ማማው ከሌላ ማማ ጋር የሚነጋገርበት ስለሆነ ከእናንተ ስልክ ጋር ጉዳይ የለውም። ሞባይል አዲስ አበባ ላይ በ1991 ዓ.ም. ሲጀመር ኦፕሬተሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ሳፋሪኮም በይፋ ሥራ የጀመረው በመስከረም 2015 ዓ.ም. ነው። በኢትዮ ቴሌኮም 09 የሚደውልና በሳፋሪኮም 07 የሚደውል ጎረቤታሞች አጥር ለአጥር ቢኖሩም የሚያደምጡት የተለያየ አንቴና ነው። ስለዚህ «የእሱ እየሠራ የእኔ ለምን?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አንቴናው የሚያየው ፊት ለፊቱን፣ ትንሽ ወደ ታች አዘንብሎ ነው። ኔትወርክ ይጠግባል ብሎ ከማማ እግር ሥር ቤት የሚከራይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ፍርፋሪውን ነው። ዋናው ጨረር በራሱ ላይ አልፎ ራቅ ብሎ ወደሚገኘው ሰፈር ይሄዳል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ቆርቆሮ።

እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1836 ክፍል የሚያህል ትልቅ ሣጥን ሠርቶ በስስ ብረት ሸፈነውና ከውጭ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ለቀቀበት። ውስጥ ያስቀመጠው መለኪያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ተገኘ። በብረት የተዘጋ ቦታ ከውጭው የኤሌክትሪክ ዓለም እንደሚለይ በዚህ አሳየ። የእኛ አገር ቤት ሠሪ የፋራዴይን ስም ሳይሰማ ሙከራውን ቀጥሎበታል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ላሜራ፣ መስኮቱም ላሜራ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሌባና ወባ ፈርተን ሁሉንም ጥርቅም አድርገን እንዘጋና ሣጥኑ ውስጥ ቁጭ ብለን «ኔትወርኩ ማታ ማታ ይጠፋል» እንላለን።

የሬዲዮ ሞገድ ብረት ሲያገኝ ወደ መጣበት ይመለሳል። «የእኔ ቆርቆሮ ስስ ነው» ማለትም አያዋጣም፤ ስልክ በሚጠቀምባቸው ሞገዶች ልክ ከፀጉር የሳሳ ብረትም ይበቃል። ስለዚህ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስልካችሁ ከሚያገኘው አብዛኛው የገባው በክፍተት ነው፤ በተከፈተ በር፣ በመስተዋት፣ በጣሪያውና በግድግዳው መጋጠሚያ በኩል። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ የሚያልፈው ይቀንሳል። ጭቃ ከሆነም ክረምት ላይ እርጥበት ሲጠጣ የሚያሳልፈው ያንሳል።

በዚህ ረገድ አያቶቻችን ይበልጡናል። አሶሳ ያለችበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የቆላ ቀርከሃ አገር ነው። በበርታ መንደሮች ግድግዳው በቀርከሃ የተሠራ፣ ክዳኑ ሣር የሆነ ክብ ቤት ዛሬም አለ። ደረቅ ቀርከሃና ደረቅ ሣር ለሬዲዮ ሞገድ የሌሉ ያህል ናቸው። ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ አንድ ግቢ ገብቼ ቡና ስጠጣ ያየሁት ይህንኑ ነው። ልጁ ከእናቱ ሣር ቤት አጠገብ በብሎኬትና በቆርቆሮ ያማረ ቤት ሠርቷል፤ ሶፋው አለ፣ ቴሌቪዥኑ አለ። ስልኩ ሲጠራ ግን ብድግ ብሎ ሄዶ ከእናቱ ቤት ምድጃ አጠገብ ቁጢጥ አለ። እናትየው ሳቁ። «ቤቱን ለእንግዳ ነው የሠራው፤ ሲደወልለት ወደ እኔ ነው የሚመጣው» አሉኝ። እሱ የእናቱ ቤት ወደ ማማው ስለሚቀርብ ይመስለዋል። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ርቀት ግን አንዲት በግ የምትታሰርበት ገመድ አይሞላም።

ክፍተት ካልኩ ዘንድ መጠኑም ትርጉም አለው። የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የ2100 ደግሞ 14 ሴንቲ ሜትር። ረጅሙ ሞገድ አገር አቋርጦ፣ ኮረብታ ዞሮ፣ ግድግዳ ሰርስሮ በመምጣት ይበልጣል፤ በጠባብ የብረት ቀዳዳ ለመሹለክ ግን አጭሩ ይሻላል። ስለዚህ ላሜራው ላይ ለአየር የተተወችው የእጅ ስፋት የማትሞላ ቀዳዳ ለኔትወርክ በር አትሆንም። የሚበጀው ወደ ማማው የሚያየውን አንድ መስኮት ብቻ እንኳ በመስተዋት መቀየር ነው። ሌባ የሚያሳስበው ሰው ፍርግርጉን ሰፋ ሰፋ አድርጎ ያሠራበት። ቤት ገና የሚሠራ ሰው ደግሞ በማማው በኩል ባለው የጣሪያ ተዳፋት ላይ ከቆርቆሮው መካከል ብርሃን የሚያሳልፈውን የፕላስቲክ ክዳን አንድ ሁለት ቢያስገባ ብርሃንም ኔትወርክም ያገኛል።

አሶሳ ላይ ከቆርቆሮ ቀጥሎ የማማው አንቴና ባላጋራ ማንጎ ነው። ቆርቆሮን የምወቅሰውን ያህል ማንጎን አልወቅስም፤ ጥላውም ፍሬውም ይበልጥብኛል። ቅጠል ግን ውኃ ነው፣ ውኃም ሞገድ ይውጣል። ጥቅጥቅ ያለ የማንጎ ዛፍ በመስኮታችሁና በማማው መካከል ከቆመ፣ በተለይ ዝናብ ከመታው በኋላ፣ ልዩነቱ ይታወቃል። «ሲዘንብ ኔትወርክ ይጠፋል» የሚባለውም ከዚህ የሚመጣበት ጊዜ አለ። የዝናቡ ጠብታ ራሱ ስልክ በሚጠቀምበት ሞገድ ላይ ይህን ያህል ጉዳት የለውም፤ የሚጎዳው ማማ ከማማ የሚገናኝበትን ከበሮ መሰሉን ዕቃ ነው። ዛፉን አትቁረጡ፤ ስልኩን ወደ ሌላው መስኮት ውሰዱት።

ሰው ሁሉ የሚዘነጋው ሌላው ነገር ስልክ መስማት ብቻ ሳይሆን መናገርም እንዳለበት ነው። ማማው በአሥሮች በሚቆጠር ዋት ይናገራል። የ4ጂ ስልክ ከፍተኛ ኃይል ግን 0.2 ዋት ብቻ ነው። ከአባይ ሸለቆ ማዶ ሆኖ በጡሩምባ ለሚጣራ ሰው በሹክሹክታ እንደ መመለስ ነው፤ እናንተ እሱን ትሰማላችሁ፣ እሱ እናንተን አይሰማም። «ኔትወርክ እያሳየኝ ጥሪ አይወጣልኝም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ማማው ስልኩን «ድምፅህን ጨምር» እያለ ስለሚያዝዘውም ኔትወርክ በሌለበት ጓዳ የዋለ ስልክ ይሞቃል፣ ቻርጁም ቶሎ ያልቃል። ባትሪው ተበላሸ ብላችሁ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ስልኩን መስኮት ላይ አውሉት።

በ2ጂ በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ስልክ ግን እስከ 2 ዋት ድረስ መጮኽ ይችላል። ርካሹ ባለ ቁልፍ ስልክ ገጠር ላይ ውዱን ስማርት ስልክ የሚያስንቀው በዚህ ነው። ስማርት ስልክ የያዘም ቢሆን ለጥሪ ሲቸገር ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የኔትወርኩን ዓይነት 2ጂ ላይ ማድረግ ይችላል። ኢንተርኔት ሲፈልግ መመለሱን ግን አይርሳ፤ ይህን ረስቶ «ዳታዬን በሉብኝ» ብሎ የሚጣላ አይቻለሁ።

2ጂም ቢሆን ወሰን አለው። እያንዳንዱ ስልክ የሚናገርባት ቅንጣት ተራ ተሰጥታዋለች፤ ሩቅ ያለ ስልክ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ማማው «ቀደም ብለህ ጀምር» ይለዋል። ይህ ማስቀደሚያ 63 እርከን አለው፣ አንዱ እርከን 550 ሜትር ያህል ነው። ሲባዛ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ከዚያ በላይ የራቀ ሰው ከፍ ያለ ኮረብታ ላይ ወጥቶ የማማውን መብራት በዓይኑ ቢያየውም፣ ስልኩም ኔትወርክ ቢያሳየው፣ በተለመደው አሠራር ጥሪው አይያያዝለትም፤ ተራው አልፎበታል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ ወሰኑን ያበጀው የኃይል ማነስ ሳይሆን ሰዓት ማክበር ነው።

ስልኩ ጥግ ላይ ስለሚያሳያቸው መስመሮች ብዙ አልልም፤ አትመኗቸው። እያንዳንዱ የስልክ ፋብሪካ በፈለገው ልክ ይሥላቸዋል፤ የአንዱ አራት መስመር የሌላው ሁለት ነው። ትክክለኛው ቁጥር ዲቢኤም ይባላል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ስለ ስልኩ ከሚገልጸው ገጽ የሲም ሁኔታ የሚለው ውስጥ ይገኛል፤ በብዙዎቹ ላይ *#*#4636#*#* ቢጻፍም ይመጣል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ወደ ዜሮ የቀረበው ይሻላል፤ 90 ሲቀነስ ከ105 ሲቀነስ ይበልጣል። ልዩነቱን ግን እንደ ገበያ ሒሳብ አትዩት። በየ10 ቁጥሩ ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ ስለዚህ ላሜራውን ስትዘጉ ከ90 ሲቀነስ ወደ 110 ሲቀነስ ከወረደ ኃይሉ ወደ አንድ መቶኛ ወርዷል ማለት ነው። የ2ጂውን ቁጥር ከ4ጂው ጋር አታወዳድሩ፤ አለካካቸው ይለያያል።

እንግዲህ ስልኩን ይዛችሁ፣ ቁጥሩን እያያችሁ ቤቱን ዙሩት። አንዲት እርምጃ ብዙ ትለውጣለች፤ ከየብረቱ ተመልሶ የሚመጣው ሞገድ አንዱ ቦታ ላይ ይደራረባል፣ ሌላው ቦታ ላይ ይጠፋፋል። ጥሩውን ቦታ ስታገኙ ምስማር ምቱበት። አሶሳ ገበያ አጠገብ ቡና የምታፈላ አንዲት እህት ስልኳን በፌስታል አድርጋ በሩ መቃን ላይ ሰቅላ በጆሮ ማዳመጫ ስታወራ አይቻለሁ፤ መሐንዲስ ቢመጣ የሚነግራት ከዚህ አይበልጥም። ለኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። ስልኩን መስኮቱ ላይ ትታችሁ ሆትስፖት ክፈቱና በሌላው ስልክ ወይም በኮምፒውተር ጓዳ ሆናችሁ ተጠቀሙ። አንቴና የሚቀበል የ4ጂ ራውተር ያለው ሰው አንቴናውን ከቆርቆሮው በላይ አውጥቶ ወደ ማማው ቢያዞረው ከሁሉም ይበልጣል፤ ገመዱ ግን ይጠር፣ የተገኘው በረጅም ገመድ ውስጥ ያልቃልና።

ከስልክ ጀርባ የሚለጠፍ «ኔትወርክ ጨማሪ» ስቲከር ለሚገዙ ሰዎች የምለው የለኝም፤ ገንዘቡ የእነሱ ነው። ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ማጉያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይሠራል፤ ችግሩም እሱ ነው። የውጭ አንቴናውና የውስጥ አንቴናው ከተቀራረቡ የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማና ማጉረምረም ይጀምራል፤ ያ ጩኸት ማማው ላይ ደርሶ የሰፈሩን ሁሉ ጆሮ ይደፍናል። የቴሌኮም መሣሪያ ሳይመረመርና ሳይፈቀድ እንዳይሠራበት የሚቆጣጠር፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። ሻጩን «ፈቃዱ የታለ?» በሉት።

መጨረሻ ላይ ደጅ ወጥታችሁ፣ ሰማይ በሚታይበት፣ ከዛፍና ከብረት ራቅ ብላችሁ ቁጥሩን እዩት። ደጅ ጥሩ ሆኖ ቤት ውስጥ ከወደቀ መስተዋት ቆራጭ ፈልጉ። ደጅም በ4ጂ ከ115 ሲቀነስ በታች ከሆነ ቤታችሁ ጥፋት የለበትም። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆናችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰፈሩን ስም፣ የደጁንና የቤት ውስጡን ቁጥር ጽፋችሁ 994 ላይ ደውሉ። «ኔትወርክ የለም» ብቻ ብላችሁ አትዝጉት፤ ባለሙያው ሊሠራበት የሚችለው በቁጥሩ ነው።